የኮሌታ ሰፊው ግድግዳ

ድው።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መንደርደር ከጀመረ ቆይቷል፤ ከዋናው መንገድም የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። ይሄኛው ድምፅ ግን ከውጭ አልነበረም። ከግድግዳው ሆድ ውስጥ ነው የወጣው፤ አንድ ጊዜ፣ ደረቅና ከባድ፣ ድው። ልብስ ሰፊው የክሩን ጫፍ በከንፈሩ አርጥቦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በመርፌው ቀዳዳ ሊያሾልክ ተቃርቦ ነበር። ክሩ ተጣመመና ቀዳዳውን ሳተ። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየው። ግድግዳው ምንም እንዳላደረገ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልብስ ሰፊው አልተሳደበም፣ አልጮኸም፤ ክሩን እንደምንም አሾለከና ፔዳሉን በንዴት ረገጠው። እሱ ሲናደድ የሚናገረው በእግሩ ነው። የስፌት መኪናው ተንጣጣ፣ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው መቀስ ሳይቀር አብሮ ተርገፈገፈ። ከግድግዳው ማዶ ፀጥ አለ። «ይኸው» አለ በሆዱ፤ «ስሚው እንግዲህ።»

ከግድግዳው ማዶ ያለችው አክስቱ ናት፣ የአባቱ ታላቅ እህት። ቤቱ ድሮ አንድ ቤት ነበር። አባቱና አክስቱ በምን እንደተጣሉ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የየራሱ ምክንያት አለው፤ ሁለቱ ብቻ ምንም ብለው አያውቁም። አንድ ቀን አናጢ መጣ፣ ሳሎኑን ለሁለት ሰንጥቆ የችፑድ ግድግዳ አቆመና ሂሳቡን ከሁለት እጅ ተቀብሎ ሄደ። አናጢው እጁ ቀጥ ያለ ነበርና ለማንም አላዳላም፤ ኮርኒሱ መሀል ላይ የነበረውን ክብ የጂፕሰም አበባ እንኳ እኩል ነው የከፈለው። ግማሹ አበባ እዚህ ከመኪናው በላይ አለ፣ ግማሹ እዚያ። ልብስ ሰፊው ሥራ ሲሰለቸው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የዚያኛውን ግማሽ ቅጠሎች በሐሳቡ ይስላል። አባቱም በዚሁ መኪና ነበር የሚሠራው፤ እዚሁ መኪና ላይም ነው የሞተው። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ነው አመሻሹ ላይ ጉንጩን ጨርቁ ላይ አስተኝቶ ያገኘው። ልብ ነው አሉ። መኪናው ከቀትር ጀምሮ ዝም ብሎ ነበርም አሉ፤ ለምን ዝም አለ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ዝምታ ማንን ይረብሻል። ልጁ ከዚያ ወዲህ የአባቱን ግማሽ ቤት፣ የአባቱን መኪናና የአባቱን ኩርፊያ ወርሶ ተቀመጠ። ከአክስቱ ጋር ግቢው በር ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ» ይላል፣ «ደህና» ትላለች። ሰላምታቸው እንደ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ በር ላይ ቆሞ አይቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

የሚሰፋው ኮሌታ ብቻ ነው። የተማሪ ደንብ ልብስ የሚያሰፋ አንድ ትልቅ ሱቅ የተቆረጠ ነጭ ፖፕሊን ጨርቅ በጆንያ ይልክለታል፤ እሱ ሰፍቶ፣ ገልብጦ፣ ተኩሶ ይመልሳል። እጅጌው ሌላ ሰው ቤት ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ሌላ ሰው ቤት። የአንዱ ኮሌታ ዋጋ ትንሽ ዳቦ አይገዛም፤ ክርና ከሰል ግን ዋጋቸው ሽቅብ እንጂ ቁልቁል መንገድ አያውቅም። ቢሆንም ሥራውን አይጠላውም። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ መቀሱን አስቀምጦ አንገት አንገታቸውን ያያል። ፊታቸውን አይለይም፣ ስማቸውን አያውቅም፤ ግን ያ ሁሉ ልጅ የእሱን እጅ አንገቱ ላይ አድርጎ ነው የሚሄደው። ፈተና የወደቀው፣ የተደባደበው፣ ሰው ወድዶ የተደናገጠው፣ ሁሉም። ይህን ሲያስብ የሆነ ነገር ደረቱን ይሞላዋል። ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ የሚነግረውም ሰው የለም። ከቤት ስለማይወጣ የሰፈሩ ሰው «ሙሽራው» ይለዋል።

የዚያን ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። የፔዳል መኪና መብራት አይፈልግም፤ ካውያው ግን ይፈልጋል፤ ኮሌታዎቹ ደግሞ ከሰዓት ሰው ይመጣባቸዋል። የአባቱን የከሰል ካውያ ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣና ከሰል ሊገዛ ጆንያ ተከናንቦ ወደ ሱቅ ሮጠ። ባለሱቁ እንዳየው «ሙሽራው፣ ከጫጉላህ ማን አስወጣህ?» አለው። ከሰሉን በፌስታል እየሰፈረ ዋጋው መጨመሩን ነገረው። ልብስ ሰፊው ባለፈው የጨመርከውስ ብሎ ተከራከረ፤ ባለሱቁ ያለፈውማ አለፈ አለ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ሳያስበው ስለ ግድግዳው አወራለት። በአባቱ ግማሽ ቤት ውስጥ እንኳ ሠርቶ መብላት እንዳልቻለ፣ አክስቱ በምን እንደሆነ እንጃ ግድግዳውን እንደምትደበድብበት፣ ይሄ ነገር ካልቆመ ሌላ ክፍል ተከራይቶ መውጣቱ እንደማይቀር። ባለሱቁ ሚዛኑን እያየ ሰማው። እሷም ሰው ናት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ስትልባት ጭንቅላቷ ድንጋይ አይደለም። ከመኪናው እግር ሥር ወፍራም ነገር አንጥፍ፣ ግድግዳውንም የሆነ ነገር አልብሰው፣ ድምፁ ይሞታል። ቤት ከመልቀቅ ድምፅ መቀነስ ይረክሳል። ፌስታሉን ሲያቀብለው ግን ቶሎ አልለቀቀለትም።

«ጥሬ ከሰል አለበት። ውጭ በደንብ ሳይቀላ እንዳታስገባው። ደግሞ ብቻህን ነህ።»

ልብስ ሰፊው እሺ አለ። እሺ ማለት አይከብድም። ቤቱ ደርሶ ደጃፉ ላይ ማንደጃውን ሲያያይዝ ግን ዝናቡ በነፋስ እየተገለበጠ እሳቱን አጠፋበት። ደግሞ ሞከረ፤ ጢሱ ዓይኑን አቃጠለው እንጂ ከሰሉ አልያዘም። በመጨረሻ ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገባና ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠው። በሩን ክፍት ሊተወው አስቦ ነበር። ነፋሱ ግን ጭቃና ውሃ ቀላቅሎ ወደ ክምሩ ወረወረ፤ አንድ የተሰፋ ኮሌታ ላይ ዝንብ የምታህል ጠብታ አረፈች። ሱቁ ነጠብጣብ ያለበትን አይቀበልም። በሩን ገፍቶ ዘጋ፣ ነፋሱ መልሶ እንዳይከፍተውም በመወርወሪያው ቀረቀረው። መስኮቱንም ዘጋ። ከሰሉ እየቀላ ሄደ፣ ክፍሉ ሞቀ፣ ደስ አለው።

ከዚያ የባለሱቁን ምክር ተከተለ። ብርድ ልብሱን በምስማር ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከመኪናው እግሮች ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ነገር ሲፈልግ ግን ያገኘው የአባቱን ካፖርት ብቻ ነበር። እጁ ላይ ይዞት ቆመ። ካፖርቱን አባቱ ራሱ ነው የሰፋው፤ ያ ሁሉ ክረምት ወርዶበት ስፌቱ ዛሬም አልላላም። «ይቅርታ አባዬ» አለና አጥፎ ከሥሩ አስገባው። ተቀምጦ ፔዳሉን ሲረግጥ መኪናው እንደ ጠገበች ድመት አንኮራፋ። ራሱ እንኳ እምብዛም አልሰማውም። እፎይ አለ። እንግዲህ ምን ልትል ነው?

ድው።

እግሩ ፔዳሉ ላይ ቀረ። ትንሽ አዳመጠና ቀስ ብሎ ረገጠ። ድው፣ ድው። ብርድ ልብሱ ምቱን አለዘበው እንጂ አላስቀረውም። ነገሩ ግራ ገባው፤ ድምፁን በቀነሰ ቁጥር ምቱ ይብሳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው አለ፤ ለዚህች ሴትዮ ምን ቢደረግላት ያው ናት። እንደ ወትሮው በእግሩ አልመለሰላትም። እልህ ያዘውና የሰው ግቢ ሰርቆ እንደሚገባ ሰው በእግሩ ጣቶች ጫፍ ብቻ እያለሰለሰ ረገጠ። ድው፣ ድው፣ ድው። ትምታ። ክንዷ እስኪዝል ትምታ።

ካውያውን በፍም ሞልቶ መተኮስ ጀመረ። ኮሌታዎቹ ከካውያው ሥር እንደ አዲስ ወረቀት ቀጥ እያሉ ይወጣሉ፤ እርጥበታቸው ሲነሳ የሚሸተውን ሽታ ይወደዋል። ጥቂት ቆይቶ አንዳች ነገር ጭንቅላቱን ከግራና ከቀኝ ይጨምቀው ጀመር። እሷ ናት አለ፤ ራስ ምታቱን በግድግዳ በኩል ላከችልኝ። ቀጥሎ እግሩ ከበደው። ካውያውን አስቀምጦ መኪናው ላይ ተቀመጠ። ክምሩ ላይ ያሉት ነጫጭ ኮሌታዎች ትንፋሽ እንዳለው ነገር ከፍ ዝቅ ሲሉ አያቸው። ገረመው እንጂ አልፈራም። አንድ በአንድ ክንፋቸውን ዘርግተው ከጠረጴዛው ተነሱ፤ ወደ ግማሹ አበባ በረሩ፣ ግድግዳውን እንደሌለ ቆጥረው አልፈውት ወደ ሌላኛው ግማሽ ገቡ። ከሩቅ ልጆች ይስቃሉ። ምቱ ከግድግዳው ይሁን ከገዛ ደረቱ መለየት አቃተው። ከዚያ ምቱ ተወ። ቆይቶ በሩ ተናወጠ፣ ሰው ተጣራ፤ የሚጠራው የእሱ ስም ይሁን የአባቱ በውል አልሰማም። ብድግ ብዬ ልክፈት አለ፤ ብድግ ግን አላለም። ለአፍታ ብቻ ብሎ ጉንጩን ጨርቁ ላይ አስተኛ። ጨርቁ ሞቅ ያለ ነበር።

ያኔ ግድግዳው አበጠ።

ዓለም በጎኑ ተኝቶ ነበር፣ ወለሉ ቆሞ፣ ግድግዳው ተጋድሞ። የተሰቀለው ብርድ ልብስ መሀሉ ላይ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወጣ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። ችፑዱ ጮኸ። ምስማሮቹ እየተነቀሉ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ ብርድ ልብሱ በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ፤ ከኋላውም መጀመሪያ የዘነዘና ራስ፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ቀጥሎ ሽበት ያመለጠበት ሻሽ ወጣ። ብርሃኑ ከጀርባዋ ነበር። ልብስ ሰፊው በዕድሜው እንዲህ ያለ ግዙፍ ሰው አይቶ አያውቅም። አክስቱ ጉልበቷን ያማታል፤ ዳገቱን ስትወጣ ቆም እያለች ነው፤ የውሃ ጀሪካኗን ሰው ነው የሚያነሳላት። ያቺው አክስቱ፣ ግድግዳ አምጦ እንደወለዳት ሁሉ፣ የችፑድ ፍርፋሪ በራሷ ላይ ተነስንሶ፣ ቀዳዳውን በትከሻዋ እያሰፋች ገባች። መወርወሪያውን ሳበች፣ በሩን በረገደችው፣ ማንደጃውን በእግሯ ገፍታ ወደ ዝናቡ ወረወረችው፤ ፍሙ ጭቃው ላይ እሽሽ ብሎ ሞተ። ከዚያ በብብቶቹ ሥር እጆቿን አስገብታ ጎተተችው። ተረከዙ ደፉን ሲመታ ተሰማው፤ ሕመሙ ግን የሌላ ሰው ነበር።

ዝናቡ ፊቱ ላይ ወረደ። አስመለሰው፣ አሁንም አስመለሰው፤ አየሩ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጉሮሮውን እየሰነጠቀ ገባ። የችፑዱን መሰበር ሰምቶ ባለሱቁ እየሮጠ መጣ። ጭቃ ላይ የተደፋውን ማንደጃ አይቶ «ምን ብዬህ ነበር!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ወዲያው ከአንድ ምስማር የተንጠለጠለውን ብርድ ልብስ ሲያይ አፉን መልሶ ገጠመ። አክስቱ ሐኪም ሳያየው አያድርም፣ ታክሲ አምጣ አለችው። ባለሱቁ ተከናንቦት የመጣውን ጆንያ እዚያው ጥሎ ሮጠ። ልብስ ሰፊው የበሩን መቃን ይዞ ለመነሳት ሞከረ። ተመልሶ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ፣ ቆመ።

«ወፌ ቆመች» አለች አክስቱ።

አልሳቀችም። አጠገቧ ላለ ለማንም ያለችው አይመስልም፤ ከአፏ አምልጧት የወጣ ነገር ነው። እዚሁ ደፍ ላይ መጀመሪያ የቆመ ቀን፣ ቤቱ ገና አንድ ቤት ሳለ፣ እጇን ዘርግታ ከፊቱ ቁጢጥ ያለች ሰው እንደነበረች ልብስ ሰፊው አስቦ አያውቅም ነበር። አሁንም አንዱ እጇ ከጎኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ተዘርግቷል፤ ሳይነካው፣ ቢወድቅ ለመያዝ።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«ዝም አላልኩም። እየሰፋሁ ነበር።»

«መኪናህ አልተሰማኝም።»

«እንዳልረብሽዎት ብዬ ከሥሩ አነጠፍኩበት። ግድግዳውን ሲመቱብኝ ጊዜ…»

አክስቱ የማታውቀውን ቋንቋ እንዳወራት ሰው ትኩር ብላ አየችው።

«የምመታውኮ ስታቆም ነው» አለች። «እየሰፋህማ ምን አባቴ አግኝቼ እመታለሁ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ልብስ ሰፊው ደፉ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና የሰማቸውን ምቶች ሁሉ እንደገና ሰማቸው። ክር ሲጨርስ የመጣው። ምሳ በልቶ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው የመጣው። ኮሌታ ሲገለብጥ፣ ተማሪዎቹን በመስኮት ሲያይ፣ ያን ሰሞን ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ሳለ ቀኑን ሙሉ የመጣው፣ እሱም ጨካኝ ናት እያለ ከአልጋው ተነስቶ፣ ቃሬዛ ላይ ያለ ሰው መስሎ፣ ለእልህ ያህል ፔዳሉን ረግጦ የተመለሰው። ድምፁን ካፈነበት ከዛሬው በቀር አንድም ጊዜ መኪናው እየሄደ ተመትቶ አያውቅም። ከማዶ አለህ ወይ ስትለው ኖራለች፤ እሱ በንዴት በረገጠው ቁጥር አለሁ፣ አለሁ ሲላት ኖሯል። ያኔ ነበር ማዶው ፀጥ የሚለው። ያን ሁሉ ዘመን ሁለቱ ሲነጋገሩ ነበር፤ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በላይ ሲነጋገሩ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው ያላወቀው። ራስ ምታቱ ገና አልለቀቀውም፤ ቢሆንም በዚያ ዝናብ ሥር ተቀምጦ እንደ ተዓምር ያለ ነገር ጀርባውን ነዘረው።

ዞሮ በቀዳዳው በኩል የእሷን ግማሽ ቤት አየ። የአናጢው እጅ ከሰነጠቀው ጀምሮ አይቶት አያውቅም። የተነጠፈ አልጋ፣ ተገልብጦ የደረቀ ብርጭቆ፣ ፅዳቱ የሚያሳፍር ወለል። አንዲት ወንበር ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ልክ ከስፌት መኪናው ትይዩ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ ግድግዳ ብቻ። መደገፊያዋ ላይ ያለው ጨርቅ አልቆ ነጥቷል። ካልተቦደሰው የችፑዱ ክፍል ላይ ደግሞ የዘነዘናው ራስ ያረፈበት ቦታ ተጎድጉዶ፣ ሰው ሁሉ እንደረገጠው ደረጃ ለስልሶ ይታያል። ቀና አለ። ከላይ ሌላኛው ግማሽ አበባ አለ። በሐሳቡ ከሳለው ይልቅ ቅጠሉ ይበዛል።

«አክስቴ» አለ። ይህ ቃል ከአፉ ከወጣ ዘመን አልፎታል። «አባዬ የዚያን ቀን፣ መኪናው ዝም ሲል… እዚያ ወንበር ላይ ነበርሽ?»

አክስቱ ወደ ዝናቡ አየች። «ነበርኩ» እንደማለት አንገቷን ደፋች። ልብስ ሰፊውን አልፋ ወደ ክፍሉ ገባች። ካውያው አንድ ኮሌታ ላይ ተረስቶ ቡናማ ጠባሳ ትቶበታል፤ አንስታ በቂጡ አቆመችው። ጠባሳ ያለበትን ኮሌታ ለብቻ፣ ነጮቹን ለብቻ አደረገች። ከዚያ መኪናው አጠገብ ያንን የሚያማትን ጉልበቷን ቀስ ብላ አሳረፈች፣ የመኪናውን የብረት እግር በአንድ እጇ አነሳችና በሌላው ካፖርቱን ሳበችው። ምን እንደሆነ ያወቀችው ብርሃን ላይ ስታወጣው ነው። የክር ብጥስጣሹን አንድ በአንድ ለቀመች። አራገፈችው፣ ኮሌታውን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ስፌቱን በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለችው።

ልብስ ሰፊው ጠበቀ። አሁን ትናገራለች አለ፤ ተናግራ ስትጨርስ እኔም እናገራለሁ። ከግቢው ውጭ የታክሲ ጥሩምባ ጮኸ፣ ባለሱቁ እየመጣን ነው፣ እየመጣን ነው ይላል።

አክስቱ ካፖርቱን ለበሰችው። ትከሻው ወደ ክንዷ ወረደ፣ እጅጌው ጣቶቿን ውጦ አልፎ ተንጠለጠለ። ዘነዘናውን ከወለሉ አንስታ ብብቷ ሥር ያዘች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቀዳዳውን ተሻገረች፣ ወንበሯን አልፋ ሄደች፣ አልተቀመጠችም። በሯ ተከፈተ። ካፖርቱ በታክሲው አጠገብ፣ በባለሱቁ አጠገብ አለፈና፣ ልብስ ሰፊውን ለእነሱ ትቶ፣ በዝናቡ ውስጥ ቁልቁል መንገዱን ይዞ ሄደ።